ስኳር ይሰርቃሉ የተባሉት ሶፋ ሠሪ

«አባዬ ስኳር ይሰርቃል» አለች ልጃቸው።

ጮክ ብላ አልነበረም የተናገረችው፤ ሰው ስለ አባቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን መታጠቢያ ቤቱንና ወጥ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነበር፤ ኮምፔርሳቶውን የመቱት ደግሞ ራሳቸው ሶፋ ሠሪው ናቸው፤ ያኔ ቀጭኑ ይበቃል ብለው። አሁን ፊታቸውን ሳሙና ተቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውሃው እስኪመጣ ቧንቧውን ይዘው ቆመዋል። ሰው ፊቱ ሳሙና ሆኖ ሳለ መሸሻ የለውም፤ የሚሠራለት ጆሮው ብቻ ነው።

«ይሰርቃል አይባልም» አለ ባሏ።

«ታዲያ ምን ይባላል? ይበደራል?»

«አባትሽ ናቸው እኮ።»

«አባቴ ስለሆነ አይደል እንዴ የምናደደው! ስኳሩን ደበቅኩ፣ የደሙ ስኳር ቁጥር አልወረደም። ማሩን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ አልወረደም። ካቢኔቱ ላይ ጓጉንቸር ሰቀልኩ፣ ይኸው ጭራሽ ባሰበት። እኛ ሥራ ስንሄድ ከሱቅ እየገዛ ይበላል ማለት ነው። በቃ፣ ወስኛለሁ። ዛሬ ከሰዓት አለቃዬ ስትመጣ ሥራ እንደምለቅ እነግራታለሁ። ቤት ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።»

የባሏ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ፤ ስኳር ስለሌለ ምን እንደሚያማስል አይታወቅም። ውሃው መጣ። ሶፋ ሠሪው ታጠቡ፤ ከዚያም ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጡ።

ሶፋ ሠሪው ስኳር አልበሉም። አንድም ቀን። ይህን የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሰው ብቻውን የሚያውቀውን እውነት ደግሞ ለሌላ ማስረዳት አበሳ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ማሉ፤ ሲምሉ ልጃቸው አንገቷን ደፋች፣ ጥርጣሬዋ ባሰ። ቀጥሎ ተቆጡ፤ አመል ያለበት ሰው ሲነኩት ይቆጣል ተባለ። በመጨረሻ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው እንደ ማመን ተቆጠረ። ኮታቸው ከመታጠቡ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። ማታ ከሥራ ገብታ ጉንጫቸውን ስትስማቸው ትንሽ ትዘገያለች፤ እየሳመች ብቻ ሳይሆን እያሸተተችም እንደሆነ ያውቃሉ። እንዳይከብዳት ብለው ትንፋሻቸውን በደንብ ይለቁላታል።

ይህን ሁሉ ችለውት ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ልጃቸው የምትሠራው ኬክ ቤት ነው፤ አትጋግርም፣ ታስጌጣለች። ሌሎች የጋገሩት ላይ ክሬሙን በላስቲክ እየጨመቀች ጽጌረዳ ታወጣለች፣ የሰው ስም ትጽፋለች። እዚያ ከመግባቷ በፊት ብዙ ዓመት የሰው ቢሮ ወለል ወልውላለች። አሁን ደንበኞች ከሩቅ ሰፈር ድረስ እየመጡ «ያቺ እጇ የማይንቀጠቀጠው ትጻፍልን» ይላሉ። ማታ ስትመጣ ክርኗ ላይ የደረቀ ክሬም ይኖራል፤ ስለ ሥራዋ ስታወራ እጇ አየር ላይ ይጽፋል። ሶፋ ሠሪው ያንን እጅ ሲያዩ የራሳቸውን ያያሉ፤ የሶፋ መደገፊያ ላይ ቁልፍ ሲሰፉ መስመሩን ያለ ማስመሪያ የሚያወጡበትን። ያንን እጅ ቤት አስቀምጦ ሽማግሌ ማስጠበቅ ጥሩውን የሶፋ ጨርቅ ቀዶ መወልወያ እንደማድረግ ነው የታያቸው። ለዚያውም ባልበሉት ስኳር።

ቀኑ የክሊኒክ ቀጠሮ ቀን ነበር። ያለፈው ጊዜ ነርሷ የቁጥሩ መዋዠቅ አልገባት ብሎ «በሚቀጥለው መድኃኒቱንም፣ መድኃኒቱን የሚቀዳልዎትንም ሰው ይዘው ይምጡ» ብላቸው ነበር። የሚቀዳላቸው አማቻቸው ነው። ዓይናቸው የሲሪንጁን መስመሮች መለየት ካቃተው ጀምሮ፣ ጠዋትም ማታም፣ አንድም ቀን ሳያጓድል። ዛሬም ለዚሁ ብሎ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ሶፋ ሠሪው በልባቸው አሰቡ፦ ዛሬ ቁጥሩ ከወረደ ለልጄ አሳያታለሁ፤ ሥራዋን አትለቅም። ካልወረደ ግን የሚያምነኝ የለም።

አማቻቸው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ከወንዝ የመጣ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲጠራ ያያል፤ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሳል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመረምራል። አመሉ ሆኖ ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳን ውሃ ሲሰጡት ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው የሚጠጣው። የመድኃኒቱን ብልቃጥም እንደዚያው ነው የሚይዘው። ፍሪጁ መደርደሪያ ላይ፣ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የፍሪጁ በር ላይ በትልቁ «በቀስታ!» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን በሁለት ጣቱ ይዞ ያወጣና ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ ከዚያ ተንበርክኮ ከብልቃጡ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። በዚያች ደቂቃ ማንም ወንበር አይስብም፣ ማንም አያስነጥስም። ብልቃጡን ሳይገለብጥ፣ እንደቆመ በትንሹ ብቻ ዘንበል አድርጎ መርፌውን ያስገባና በዝግታ ይቀዳል። ሶፋ ሠሪው ሸሚዛቸውን ገልበው ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ይላሉ በየቀኑ።

«ምንም አይደል አባባ» ይላል በየቀኑ።

መርፌው ካለቀ በኋላ ቁርስ ቀረበ፤ ሦስት ወፍራም ዳቦና የተቀቀለ ድንች፣ ጉብ ብሎ። ልጃቸው ስኳር የሌለበትን ነገር ሁሉ በብዛት ታቀርባለች፤ ጣፋጩን ስለከለከለቻቸው በሌላው ልትክሳቸው ትፈልጋለች። «ብላ አባዬ፣ ይሄ እንኳን ምንም የለበትም» አለች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች፤ የሆነ ነገር ልትነግራቸው ፈልጋ ተወችው። እሳቸውም ሊነግሯት ፈልገው አፋቸው ድንች ሞልቶት ነበር። ሄደች።

ታክሲ ውስጥ አማቻቸው መድኃኒቱንና በረዶውን የያዘውን ፔርሙዝ ጭኑ ላይ አቁሞ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ። መንገዱ የተቆፋፈረ ነው። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከወንበሩ ትንሽ ይነሳና ፔርሙዙን አየር ላይ ያሳልፈዋል፤ እሱ ይናጣል እንጂ ዕቃው አይናጥም። ሁለት ጊዜ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ቀስ» አለው። ረዳቱ ዞር ብሎ፣ «የያዝከው ነገር ይፈነዳል እንዴ? ከሆነ ንገረንና እንውረድ» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። አማቻቸው አልሳቀም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ሶፋ ሠሪው በጎን አዩት። ጆሮው ሥር ላብ ወርዷል። የጠዋቱን ወሬ አሰቡት፤ «አባትሽ ናቸው እኮ» ያለው እሱ ነው። ስለ ሌላው ዝም ያለውም እሱ ነው። አላዘኑበትም። ሚስቱንና አማቱን በአንድ ጊዜ ማመን ቀላል ሥራ አይደለም።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሶፋ ሠሪው እንደ ወትሯቸው ሁለት ጊዜ ተነስተው ተቀመጡ። ስፖንጁ አልቋል፤ ከላይ የለበሰው ቆዳ ግን አዲስ ነው። «የሞተ ሰው የሙሽራ ልብስ አልብሰው» አሉ ለራሳቸው። ነርሷ ጣታቸውን ወጋች፤ መሣሪያው አሰበ፤ ቁጥሩ ወጣ። ከሦስት መቶ በላይ።

ነርሷ ጻፈች። አጠገባቸው ያለ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በየቀጠሮው የሚገናኙት ወፍራም ሰው፣ አንገቱን አስግጎ አየና አፏጨ። «አባባ፣ በዚህ ፍጥነት ትራፊክ ቢያገኝዎት መንጃ ፈቃድ ይነጥቅዎታል!»

ሰው ሳቀ። ሶፋ ሠሪውም ፈገግ አሉ፤ ሐሳባቸው ግን ኬክ ቤቱ ጋ ነበር። ከሰዓት አለቃዋ ትመጣለች። ልጃቸው ከሽርጧ ጋር ቃሏን አስረክባ ትወጣለች። ነገ ጠዋት ከፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ ከነገ ወዲያም።

ከምርመራው ቀጥሎ ያለው የስኳር ታካሚዎች ትምህርት በጓሮ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ነርሷ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፤ ሁልጊዜ አንድ ነጭ ሳህን ይዛ ስለምትገባ ታካሚዎቹ በሌለችበት «እማማ ሳህን» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቆጣም። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በጣቷ መሃሉን ሰነጠቀችው። «ይሄ ግማሹ ለጎመን፣ ለካሮት፣ ለሰላጣ፣ ለእንዲህ ያለው ነው። የቀረውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ሩብ ለባቄላው፣ ለምስሩ፣ ለእንቁላሉ፣ ካለ ለሥጋው። ሌላው ሩብ ለዳቦው፣ ለሩዙ፣ ለድንቹ። አንዱ ሩብ አልኩ። ዳቦ አይጣፍጥም ተብሎ እንደ ጡብ አይደረደርም፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው የሚሆነው።»

ሶፋ ሠሪው የጠዋቱን ድንች አስታወሱ። አማቻቸውም ሳያስታውሰው አልቀረም፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲስተር፣ ጭማቂስ?» አለ ሹፌሩ። «ፍራፍሬ ነው እኮ፣ ከዛፍ ነው የወረደው።»

«ስንት ብርቱካን ትጨምቅበታለህ?»

«እንደ ብርቱካኑ ነው።»

«ያንን ሁሉ ቁጭ ብለህ ልጠህ ብትበላው ይደክምህ ነበር። ስትጠጣው ግን አይደክምህም። ችግሩ እሱ ነው።»

«እሺ፣ እየላጥኩ እደክማለሁ» አለ ሹፌሩ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ከዚያ መድኃኒቶቹን አወጣች። ሁለት ብልቃጥ፤ አንዱ እንደ ውሃ የጠራ፣ አንዱ እንደ ቀጭን ወተት ነጭ። የጠራው ቶሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ነው አለች፤ ለምግቡ ነው፣ ምግብ ሳይደርስ አይወጋም፣ ወግቶ ደግሞ እንግዳ መጠበቅ የለም። ይሄኛው ከደፈረሰ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ይጣላል። ነጩ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሠራው ነው፤ ሲሠራ ይውላል። ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በረዶ ቤት ግን አይገቡም፤ የበረደ ይቀመጣል፣ በረዶ የሆነ ይጣላል። ሹፌሩ ሁለቱንም ነው የሚወስደው፤ ሶፋ ሠሪው ነጩን ብቻ።

«አሁን እያንዳንዳችሁ ቤት እንደምታደርጉት አድርጋችሁ አሳዩኝ» አለች። «አልቆጣም። ማየት ነው የምፈልገው።» ለልምምድ የሚወጋ ስፖንጅ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ሶፋ ሠሪው በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፤ ከመጠበቂያው ወንበር ይሻላል።

አማቻቸው ፔርሙዙን ከፈተ። ብልቃጡን በሁለት ጣቱ አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመው፣ ተንበረከከ። ሹፌሩ እንኳን አፉን ዘጋ። ብልቃጡ ውስጥ ነጩ ነገር ከታች ተኝቷል፤ ከላይ ያለው ኩልል ያለ ነው። አማቻቸው ዘንበል አድርጎ መርፌውን አስገባ፣ ከላይ ከላዩ ቀዳ፣ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አንዲት ነጭ ነጥብ የለበትም። የኮራ ሰው ፊት ነበረው።

ነርሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ለምን ከላይ ብቻ ቀዳኸው ወንድሜ?»

«አተላው ከታች ነዋ ሲስተር።»

«አተላው?»

«ይሄ የዘቀጠው። ስናመጣው ድፍርስ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይጠራል። እኔ ለእሳቸው የምሰጠው የጠራውን ብቻ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ስመጣም እንዳይናጥ ተጠንቅቄ ነው።»

«የታችኛውንስ ምን ታደርገዋለህ?»

«አብዛኛውን ጊዜ እደፋዋለሁ። አንድ ሁለቴ መድኃኒቱ ስላለቀብን እሱኑ ቀድቼላቸዋለሁ።»

ነርሷ ወደ ሶፋ ሠሪው ዞረች። «አባባ፣ ያ ባለፈው የነገሩኝ፣ ላብ አጥምቆ ያንቀጠቀጠዎት ጊዜ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ነበር?»

ሶፋ ሠሪው አሰቡ። ያን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብለው ነው የተገኙት፤ ልጃቸው «በኩርፊያ እራት ሳይበላ ቀርቶ ነው» ብላለች። «አዎ» አሉ። «በማግስቱ አዲስ ተገዛ።»

ነርሷ ብልቃጡን አነሳች። አልናጠችውም፤ በሁለት መዳፏ መሃል አስተኝታ ቀስ እያለች አንከባለለችው። ነጩ ነገር ከታች ተነሳ፣ እንደ ጭስ ወጣ፣ ብልቃጡ በሙሉ ወተት መሰለ። አማቻቸው እጁን ዘረጋ፣ ሊያስጥላት እንደሚፈልግ ሰው።

«ደፈረሰ እኮ!» አለ።

«መድፈረስ አለበት። አተላ ያልከው ነው መድኃኒቱ። የሚያድነው ነጩ ነው፤ የላይኛው ውሃው ነው። እየተንከባለለ እኩል ካልተደባለቀ፣ ከላይ ስትቀዳ ውሃ ሰጠሃቸው፣ ከታች ስትቀዳ የብዙ ቀኑን ባንዴ ሰጠሃቸው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የመጀመሪያው ቀን አንከባሉት ብዬ አልነገርኳችሁም ነበር? ካልነገርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ነግረሽናል» አለ አማቻቸው። «ሰምቻለሁ። ግን … ለማያውቅ ሰው የተባለ መሰለኝ። እኔ ውሃ ነው ሥራዬ።»

ሹፌሩ አፉን ከፈተ። ሶፋ ሠሪው አዩት። መልሶ ዘጋው፤ ከዚያ ራሱን እያሻሸ፣ «እኔም የራሴን አናጥቼ ነው የምቀዳው፣ ልክ እንደ ሎሚ ጭማቂ። አረፋ በአረፋ ነው የሚሆነው» አለ። ነርሷ ወደ እሱ ዞራ መቆጣት ጀመረች፣ አልቆጣም ያለችውን ረስታ። ሶፋ ሠሪው የሹፌሩን ደግነት ያኔ አወቁ። ሰውየው መሳቂያውን በፈቃዱ ወደ ራሱ ነው የወሰደው።

ነርሷ ሐኪሙ ጋ ሄዳ ተመለሰች። ሐኪሙ መጠኑን ዛሬም ሊጨምር አስቦ ነበር። እስካሁንም በየቀጠሮው የጨመረው ለውሃው ነው፤ ያንን ሁሉ አሁን ደህና አድርገው ቢወጉት ስኳራቸው ወርዶ ይጥላቸው ነበር። ስለዚህ መጠኑ ወረደ፣ አዲስ ብልቃጥ ተሰጠ፣ ቀጠሮውም ቀረበ። ነርሷ ከመሳቢያዋ እፍኝ ከረሜላ አውጥታ የሶፋ ሠሪው ኮት ኪስ ውስጥ ከተተች። «ከዛሬ ጀምሮ እውነተኛውን ነው የሚወስዱት። ካንቀጠቀጠዎት፣ ካላበዎት፣ ዓይንዎ ላይ ብዥ ካለ፣ ቶሎ ይብሉ። ከኪስዎ እንዳይለይ።»

«ይሄ ነገር» አሉ ሶፋ ሠሪው ኪሳቸውን እያዩ፣ «እኛ ቤት ጥሩ ስም የለውም።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት በሏቸው።» ከዚያ ሳቅ እያለች፣ «ደግሞ አባባ፣ ስኳር እየበሉ ነው ብዬ ነበር። በልቤ። ይቅርታ» አለቻቸው።

ሶፋ ሠሪው ስንት ወር ሙሉ የጠበቁት ቃል ነው፤ ከልጃቸው ሳይሆን ከጎን ቢመጣም። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ሲስተር፣ ስላየሽን አመሰግናለሁ» አሉ። ያላመሰገኑበት ነገር የቀረ ይመስል በሩ ላይ ተመልሰው ደግመው አመሰገኑ። ለወንበሮቹ ስፖንጅ በነፃ እንደሚቀይሩም ቃል ገቡ።

መንገድ ላይ አማቻቸው ፔርሙዙን በአንድ እጁ፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ፣ አንጠልጥሎታል። ከክሊኒኩ በር እስከ ታክሲው ድረስ አንዴ እንኳን ቀና አላለም። ሶፋ ሠሪው ሊያጽናኑት ፈለጉ፣ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላቸውና በድንጋጤ ቆሙ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ምሳ አልፏል።»

«ኬክ ቤት እንሂድ።»

አማቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ኬክ ቤት?»

«ሚስትህ ሥራ ልትለቅ ነው እኮ!» አሉ። የጠዋቱን እንደሰሙ ያኔ ነው የነገሩት። አማቻቸው የበለጠ ደነገጠ፤ የወጋውን ውሃና የሚስቱን ሥራ አንድ ላይ አሰበና ሮጠ። ሽማግሌው ተከተሉ።

ኬክ ቤቱ ጥግ ላይ ያለ፣ መስታወቱ የጠራ፣ ሰው የሚበዛበት ነው። ሶፋ ሠሪው ስኳር አለብዎት ከተባሉ ወዲህ በዚያ በኩል አልፈው አያውቁም፤ ልጃቸው በሌላ መንገድ እንዲሄዱ ስለነገረቻቸው። በሩን ገፍተው ሲገቡ ቀዝቃዛ የክሬም ሽታ ፊታቸውን መታው። ባንኮኒው ላይ ኬክ፣ መደርደሪያው ላይ ኬክ፣ ሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ኬክ። ልጃቸው ከባንኮኒው ጀርባ ሽርጧን እየፈታች ቆማለች፤ አለቃዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ትልቅ ሴት፣ ፊቷን አጨማድዳ ታያታለች። ልጅቷ ዞር አለችና አባቷን አየች።

«አባዬ?» አለች። «እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ሶፋ ሠሪው ሮጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ትንፋሽ የላቸውም። ከመናገራቸው በፊት ላባቸውን ሊጠርጉ ብለው መሐረብ ከኪሳቸው ሳቡ። ከመሐረቡ ጋር ከረሜላዎቹ ወጡ። አንዱ ወለሉ ላይ ጠብ አለ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ እየተንከባለሉ ባንኮኒው ሥር ገቡ። ኬክ ቤቱ ሁሉ ተመለከተ።

ልጃቸው ከረሜላውን አየች፣ አባቷን አየች። አልጮኸችም፤ ዓይኗ ሞላ። «አየሽ?» አለች ለአለቃዋ። «አየሽ፣ የምልሽ ይሄንን ነው።»

«ነርሷ ናት የሰጠችኝ» አሉ ሶፋ ሠሪው። ሲሰሙት ለራሳቸውም ውሸት መሰላቸው።

አማቻቸው መሃል ገባ። ፔርሙዙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እጁ ላይ የሚይዘው ሲያጣ ሽርጧን ከእጇ ተቀብሎ ያዘ። «እኔ ነኝ» አለ። «አባባ ምንም አልበሉም። እኔ ነኝ ውሃ ስወጋቸው የከረምኩት።» ከዚያም ሁሉንም ነገራት፤ የጠራውን፣ የዘቀጠውን፣ የደፋውን፣ ነርሷ ያለችውን፣ «ለማያውቅ ሰው የተባለ መሰለኝ» ያለውን ጭምር። ሰው እየሰማው መሆኑን አላየም፣ ወይም አይቶ ግድ አልሰጠውም። ሶፋ ሠሪው ብዙ ደፋር ሰው አይተዋል፤ በሚስቱ የሥራ ቦታ፣ ኬክ በሚበላ ሰው ፊት፣ የሚስቱን ሽርጥ ይዞ ስህተቱን የሚናገር ግን አይተው አያውቁም።

ልጃቸው ፊቷ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ወደ ባሏ ነደደች። «አባቴን ልትገድልብኝ ነበር! ያን ሁሉ ጊዜ ተንበርክከህ፣ አታስነጥሱ እያልክ …»

«ተይው» አሉ ሶፋ ሠሪው። ትንፋሻቸው ተመልሷል። «ያን ሁሉ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነው የሰጠኝ። ውሃም ቢሆን ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳያጓድል፣ የተሻለውን መርጦ ነው የሰጠኝ። አተላ የመሰለውን እኮ ለእኔ ብሎ ነው የነፈገኝ፣ ለራሱ አላስቀረውም። ማን እንደዚህ ያስብልኛል? መድኃኒቱን የሚያውቅ ሞልቷል፤ እኔን ብሎ የሚንበረከክ ግን እሱ ነው። አሁን ደግሞ መድኃኒቱንም አወቀ።»

አንድ ደንበኛ ሹካውን በቀስታ ሳህኑ ላይ አኖረ። ልጅቷ ወደ አባቷ መጥታ ጉንጫቸውን ሳመች፤ ፈጠን ብላ፣ ሳትዘገይ። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ግን ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ ያለውን ከረሜላ መልቀም ጀመረች፣ ባንኮኒው ሥር የገባውን ሳይቀር፣ በጉልበቷ ሄዳ። አንድ በአንድ በሽርጧ ጠርዝ እየወለወለች የአባቷ ኪስ ውስጥ መለሰችው። አማቻቸው የሽርጡን ሌላኛውን ጫፍ እንደያዘ ጎንበስ ቀና እያለ ይከተላታል።

አለቃዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። «እኔ የገባኝ ነገር የለም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ለቅዳሜ ሠርግ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ አለብኝ። ይቺ ልጅ ለቃለች ወይስ አልለቀቀችም?»

ልጅቷ ወደ አባቷ አየች። ሶፋ ሠሪው መሐረባቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ የሷን ነገር እሷ ትናገር ብለው።

«አልለቀቅኩም» አለች። ሽርጡን ከባሏ እጅ ነጥቃ መልሳ አሰረችው። «ሦስቱንም ደርብ እኔ ነኝ የማስጌጠው።»

አለቃዋ ስኳር የሌለው ሻይ በብርጭቆ አዘዘችላቸውና ጥግ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ከፊታቸው ያለው የባንኮኒው ጫፍ ገና ያልተቆረጠ ኬክ የተደረደረበት ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ይደረሳል። አማቻቸው ለሥራ ቦታው ስልክ ሊደውል ወደ ውጭ ወጣ። ልጃቸው ክሬሟን በላስቲክ ሞላች፣ አባቷን አንዴ አየቻቸው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። አለቃዋም ተከትላ ገባች። ደንበኞቹ ወደ ኬካቸው ተመለሱ። ሶፋ ሠሪው ማንም ሳይጠብቃቸው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ከዚያ ሁሉ ክሬም ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ሻዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሞቁት፤ ደስታቸው እስኪያማቸው ድረስ ነበር። ቀስ ብለው ጠጡ። ባንኮኒውን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ አልተናገሩም እንጂ፣ ሶፋ ሠሪው ድሮም ቢሆን ኬክ አይወዱም።